«ፌንድ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሳያምታቱ መጠቀም፦ ደረጃ በደረጃ

«ፌንድ ማለት ዲፌንድ ማለት አይደለም እንዴ?» ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ ቆጥሬ አላውቅም። የማስተምራቸው ሰዎች ይጠይቁኛል፤ ተርጓሚ ወዳጆቼ ደውለው ይጠይቁኛል፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ጠየቁኝ። መልሱ አጭር ነው፤ አይደለም። ለምን እንዳልሆነና እንዴት እንደሚሠራበት ግን በአንድ ቃል አያልቅም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

ግሱ በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የሚመጣብንን ነገር መመከት ነው፤ «ፌንድ ኦፍ» ይባላል። ሁለተኛው ያለ ረዳት ራስን መወጣት ነው፤ «ፌንድ ፎር» ብሎ ይጀምርና «ራሴ፣ ራስህ፣ ራሷ» በሚለው ይዘጋል። ብቻውን፣ ያለ «ኦፍ» ወይም ያለ «ፎር»፣ ዛሬ እምብዛም አይታይም። ብቻውን ከጻፋችሁት የጎደለ ነገር አለ ብላችሁ ተጠራጠሩ።

የእንግሊዝኛ ቃላቱን የምጽፈው በጆሮ እንደሚሰሙት በእኛ ፊደል ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፤ በደብተራችሁ ላይ ስትገለብጧቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- አንድ ደብተርና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ ቀይና ሰማያዊ። ለጌጥ አይደለም፤ ደረጃ 2 ያለ ሁለት ቀለም አይሠራም።
- ለተማሪዎች የተዘጋጀ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት። ወደ አማርኛ የሚፈታው ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱንም ግሶች «ተከላከለ» ብሎ ቢፈታቸው ሐሰት አልተናገረም፣ እናንተ ግን የነበራችሁበት ቦታ ላይ ትቀራላችሁ።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ።
- ከራሳችሁ ኑሮ የወሰዳችኋቸው ስድስት የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች። ሦስቱ አንድ ነገር ስለተከላከላችሁበት ቀን፣ ሦስቱ ያለ ማንም እርዳታ ስለተወጣችሁት ጊዜ ይሁኑ። ከመጽሐፍ የተቀዳ ምሳሌ ይረሳል፤ የራስ ገጠመኝ አይረሳም።
- አንድ ሰዓት ገደማ።

ደረጃ 1፦ ድምፁን ያዙ

ፊደሎቹ ኤፍ፣ ኢ፣ ኤን፣ ዲ ናቸው። «ፌ»ን አትጎትቷት፤ አጭር ናት። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ድ» ደግሞ አትዋጧት፤ ከዋጣችኋት ረግረግ መሬት ማለት የሆነ ሌላ ቃል ይወጣል።

ሦስት ጎረቤቶች በቅርብ ቆመው ይጠብቋችኋል። «ፋይንድ» ማግኘት ነው። «ፈንድ» ሁላችንም የምናውቀው የገንዘብ ፈንድ ነው። «ፎንድ» አንድን ነገር የሚወድ ሰው የሚገለጽበት ቃል ነው። አደገኛው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም «ፋይንድ» እጅግ የተለመደ ግስ ስለሆነ ሰሚው ድምፃችሁ ትንሽ ሲያዘነብል ወደ እሱ ይወስደዋል። ራሴን እወጣለሁ ያላችሁ መስሏችሁ ለራሴ አገኛለሁ ብላችሁ ታርፋላችሁ።

ኃላፊ ጊዜው «ፌንዲድ» ነው፤ ሁለት ጊዜ አፍ የሚከፈትበት። ግሱ ራሱ በ«ድ» ስለሚያልቅ ሌላ «ድ» ያለ አናባቢ ሊለጠፍበት አይችልም፤ ስለዚህ «ዲ» መሃል ገባች። «ፌንት» የሚባል ኃላፊ ጊዜ የለም። «ሴንድ» በኃላፊ ጊዜ «ሴንት» ስለሚሆን ይሄም እንደዚያ ይሆናል ብለው የሚገምቱ አሉ፤ አይሆንም። ለእሱ፣ ለእሷና ለግዑዝ ነገር በአሁን ጊዜ «ፌንድዝ»፤ በሂደት ላይ ላለ ድርጊት «ፌንዲንግ»። የጊዜ ነገር ከዚህ አያልፍም፤ ግሱ መደበኛ ነው።

አራቱን ቅርጾች አምስት አምስት ጊዜ ቅዱና መልሳችሁ ስሙት። መጨረሻዋ «ድ» ካልተሰማቻችሁ ድገሙት።

ደረጃ 2፦ ተሳቢው ማን እንደሆነ ለዩ

ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚህ ላይ ይሁን፤ ስሕተቱ ሁሉ የሚወለደው ከዚህ ነው።

አማርኛችን «ተከላከለ» የሚል ለጋስ ግስ አለው። «ቤቱን ተከላከለ» እንላለን። «ሌባውን ተከላከለ»ም እንላለን። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ን» ያረፈችው በሚጠበቀው ነገር ላይ ነው፤ በሁለተኛው በሚያጠቃው ላይ። ሰሚው ቤት ተነሥቶ ሰው እንደማይመታ ስለሚያውቅ አይምታታበትም። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሥራ ለሁለት ግሶች አካፍሎታል። «ዲፌንድ» የሚጠበቀውን ይወስዳል፤ «ፌንድ ኦፍ» የሚያጠቃውን። ቢቀያየሩ ዓረፍተ ነገሩ ይገለበጣል።

ተማሪ ሳለሁ «ወታደሮቹ ከተማዋን ተከላከሉ» ለማለት «ዘ ሶልጀርስ ፌንዲድ ኦፍ ዘ ሲቲ» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ምንም አላሉኝም። በደብተሬ ጠርዝ ላይ እግር ያበቀለች፣ ሕንፃዎቿን እንደ ቀንድ ያቀሰረች ከተማ፣ የሚሸሹ ወታደሮችን ስታባርር ሣሉልኝና አለፉ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ያ ዓረፍተ ነገር የሚለው በትክክል ይህንኑ ነበር፤ ከተማዋ አጥቂ ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ለ. አጥቂውን በቀይ፣ የሚጠበቀውን በሰማያዊ አስምሩበት። አንዱ ከሌለ ባዶ ቦታ ተዉለት።

ሐ. «ተከላከለ»ን አውጡና በቦታው «መከተ»ን አስገቡ።

የ«መከተ»ን ጥቅም ልንገራችሁ። ጋሻ የያዘ ሰው ጦር ሲወረወርበት የሚያደርገው ነው። «ጦሩን በጋሻው መከተ» ስንል «ን»ን የምትወስደው የመጣችው ጦር ናት፤ ጋሻውም ሰውየውም አይደሉም። «ልጁን መከተ» ካላችሁ ልጁ ሊመታችሁ መጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ «መከተ» ገብቶ ትርጉሙ ካልተናጋ እንግሊዝኛው «ፌንድ ኦፍ» ነው። ከተናጋ «ዲፌንድ» ነው። እስካሁን ካገኘኋቸው መፈተኛዎች ሁሉ ይህን ያህል የታመነ የለም።

መ. እንግሊዝኛውን ጻፉ። ከ«ፌንድ ኦፍ» ጋር የሚሄደው ቀዩ ቃል ብቻ ነው። ሰማያዊው ከገባ ስሕተት አለ።

አሁን ደግሞ «ኦፍ» ስለምትጨምረው ነገር። አንዲት ሴት ከግቢዋ ስትወጣ ውሻ ዘሎ መጣባት እንበል። ጃንጥላዋን ሳትዘረጋው እንደ ዘንግ አግድም ያዘችው። ውሻው ወደ ግራ ሲል ጃንጥላው ወደ ግራ፤ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። እንዲህ እያለች ወደ ኋላ ተራመደች፤ በሩን በተረከዟ ገፋችውና ገባች። ውሻው አልተመታም፤ አልሸሸም፤ ከበሩ ውጭ ቆሞ እየጮኸ ነው። ግን አልደረሰባትም። «ሺ ፌንዲድ ኦፍ ዘ ዶግ ዊዝ ኧን አምብሬላ» የሚባለው ለዚህ ነው። «ኦፍ» የርቀት ቃል ናት፤ የመጣው ነገር ገላ ሳይነካ ተገታ ትላለች፤ ተሸነፈ ግን አትልም። ስለዚህ ውሻውን ጨርሶ ላባረረ፣ ጠላትን ድል ለነሣ ሰው ይህን ግስ አትስጡት፤ ያሳንሰዋል።

ለማስታወስ የሚረዳ ነገር ከፈለጋችሁ መኪና ተመልከቱ። ከጎማው በላይ ያለውን፣ እኛ ፓራፋንጎ የምንለውን አካል አሜሪካኖች «ፌንደር» ይሉታል፤ ከዚሁ ግስ የወጣ ስም ነው። ጀልባ ከወደብ ግንብ ጋር እንዳትላተም በጎኗ የሚንጠለጠለው ጎማም «ፌንደር» ነው። ሁለቱም ጭቃውን ወይም ግንቡን አያጠፉም፤ እንዳይደርስ ያደርጋሉ።

ደረጃ 3፦ «ኦፍ»ን በቦታዋ አስቀምጡ

መጀመሪያ አጻጻፏ፦ በሁለት ኤፍ ነው። በአንድ ኤፍ የሚጻፈው «ኦቭ» ተብሎ የሚነበብ ሌላ ቃል ነው። የኮምፒውተሩ የፊደል ማረሚያ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ላያስጠነቅቃችሁ ይችላል፤ በዓይናችሁ ፈትሹ።

ቀጥሎ ቦታዋ። ተሳቢው ሙሉ ስም ከሆነ «ኦፍ» ከፊቱም ከኋላውም ትቆማለች፤ «ፌንድ ኦፍ ዘ ዶግ»ም «ፌንድ ዘ ዶግ ኦፍ»ም ይባላል። ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ ግን ምርጫ የለም፤ ተውላጠ ስሙ መሃል ይገባል። «ፌንድ ኢት ኦፍ»፣ «ፌንድ ሂም ኦፍ»፣ «ፌንድ ዘም ኦፍ»። «ፌንድ ኦፍ ዘም» አይባልም።

የእኛ ሰው እዚህ የሚሳሳትበት ምክንያት ግልጽ ነው። አማርኛ ተውላጠ ስሙን በግሱ ጅራት ይሰፋዋል፤ «መከተችው» አንድ ቃል ናት። እሱን ፈትተን በእንግሊዝኛ ስንደረድር ጅራቱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ይቀናናል። መድኃኒቱ «ፌንድ» እና «ኦፍ»ን እንደ ሁለት እጅ ማየት ነው፤ አጭሯን ቃል በመሃል ይይዟታል።

ረጅም ተሳቢ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፤ «ኦፍ»ን ከግሱ ጋር አጣብቁ። በ«ፌንድ» እና በ«ኦፍ» መካከል ስምንት ቃል ከገባ አንባቢው «ኦፍ» ላይ ሲደርስ ግሱን ረስቶታል።

ምን ምን ይመከታል? ውሻ፣ ትንኝ፣ ቡጢ፣ አጥቂ የሚታወቁ ናቸው። በጋዜጣ ላይ ከእነዚህ ይልቅ የምታገኙት ጥያቄን፣ ጋዜጠኛን፣ ትችትን፣ አሉባልታን፣ ባለዕዳውን የሚያሳድዱ አበዳሪዎችን፣ ተፎካካሪን፣ ኩባንያን ለመጠቅለል የቀረበ የግዢ ሙከራን ነው። እንቅልፍንና ብርድንም መመከት ይቻላል። የሁሉም ጠባይ አንድ ነው፤ ወደ እናንተ የሚመጡ ነገሮች ናቸው። የማይመጣ ነገር አይመከትም። ድህነት፣ መሃይምነት፣ ሙስና ስታስገቡ ግሱ ይንገዳገዳል፤ እነዚህን እንዋጋቸዋለን እንጂ ክንዳችንን ዘርግተን አንገታቸውም።

ማስጠንቀቂያ ለተርጓሚዎች። «ዘ ሚኒስተር ፌንዲድ ኦፍ ዘ ኩዌስችንስ» የሚል ዜና ሲመጣ «ሚኒስትሩ ጥያቄዎቹን መለሱ» ብላችሁ አትተርጉሙ። ወጥመዱ ረቂቅ ነው፤ ምክንያቱም «ጥቃቱን መለሰ» ጥሩ ትርጉም ነው፤ ጠላትን መለሰ ስንል ገታው ማለታችን ነው። ጥያቄን መለሰ ስንል ግን መልስ ሰጠ ማለት ይሆናል፤ የእንግሊዝኛው ሐሳብ ደግሞ ሚኒስትሩ መልስ ሳይሰጡ በዘዴ አለፉ የሚል ነው። አንዷ ቃል ዜናውን ትገለብጠዋለች። «ጥያቄዎቹን ሳይመልሱ አድበስብሰው አለፉ» ወይም ለስለስ ሲል «ጥያቄዎቹን በዘዴ አለፏቸው» ይሻላል።

ደረጃ 4፦ «ለራስ»ን አስገቡ፣ «ራስን» አይደለም

ወደ ሁለተኛው ሥራ እንለፍ። «አይ ከን ፌንድ ፎር ማይሰልፍ»፦ ያለ ሰው እርዳታ ራሴን መወጣት እችላለሁ።

በጣም የተለመደው ስሕተት «ፎር»ን መጣል ነው፤ «አይ ከን ፌንድ ማይሰልፍ»። ምንጩ አሁንም አማርኛችን ነው። «ራሴን ቻልኩ»፣ «ራሴን ተወጣሁ» እንላለን፤ «ን» አለች፤ ስለዚህ «ማይሰልፍ»ን በቀጥታ ተሳቢ እናደርገዋለን። እንግሊዝኛው ግን የሚያስበው በ«ለ» ነው። ከመጻፋችሁ በፊት በልባችሁ «ራሴን» የሚለውን «ለራሴ» በሚለው ለውጡት። «ለ» ስትመጣ «ፎር» አብራ ትመጣለች። ለአማርኛ ጆሮ ትንሽ ይጎረብጣል፤ ይጎርብጥ፤ ለአፍታ ነው።

የ«ራስ» ቃላቱ እነዚህ ናቸው፦ ለእኔ ማይሰልፍ፤ ለአንተና ለአንቺ ዩርሰልፍ፤ ለእሱ ሂምሰልፍ፤ ለእሷ ሀርሰልፍ፤ ለእንስሳ ወይም ለግዑዝ ነገር ኢትሰልፍ፤ ለእኛ አወርሰልቭዝ፤ ለእናንተ ዩርሰልቭዝ፤ ለእነሱ ዘምሰልቭዝ። «ሂስሰልፍ» እና «ዘርሰልቭዝ» በመደበኛው እንግሊዝኛ የሉም።

እዚህ አንድ የአክብሮት ጣጣ አለ። «እርስዎ» የምንላቸው ሰው በአማርኛ ግሳቸው ወደ ብዙ ቁጥር ይጠጋል፤ «ይወጣሉ» ስንል እሳቸውም እነሱም ሊሆኑ ይችላሉ። በእንግሊዝኛ ግን አንድ ሰው አንድ ሰው ነው። ለአንድ አዛውንት ስትጽፉ «ዩርሰልፍ» በሉ። «ዩርሰልቭዝ» ካላችሁ አላከበራችኋቸውም፤ አበዛችኋቸው እንጂ። ስለ እሳቸው ስታወሩም «ሂምሰልፍ» ወይም «ሀርሰልፍ» ነው።

ከ«ፎር» በኋላ ሌላ ሰው ማስገባት ይቻላል ወይ? ቤተሰቡን ያስተዳድራል ለማለት «ሂ ፌንድዝ ፎር ሂዝ ፋሚሊ» የሚሉ ይገኛሉ፤ ለተማሪ ግን አልመክርም። «ፕሮቫይድ ፎር» የሚለው ለዚህ የተሠራ ነው፤ እሱን ያዙ።

ደረጃ 5፦ የስሜቱን ሙቀት ለኩ

ይህን ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት ይዘሉታል፤ እኔ ግን ሰዎች ሲያፍሩበት ስላየሁ አልዘለውም።

«ራሱን የቻለ ሰው» በአማርኛ ምስጋና ነው። «ፌንድ ፎር» ግን ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ውስጡ የሌለ ረዳት ጥላ አለ። ሊረዳ የሚገባው አልረዳም፣ ወይም ሄዷል፣ ወይም ገና ከጎጆ መውጣት ነው። ለዚህም ነው ግሱ ብዙ ጊዜ «ተተወ» ከሚለው ጋር ተጣምሮ የሚገኘው፦ «ዘ ቺልድረን ወር ሌፍት ቱ ፌንድ ፎር ዘምሰልቭዝ»። ልጆቹ እንደ ፍጥርጥራቸው ይሁኑ ተብለው ተተዉ። «እንደ ፍጥርጥራቸው» የምትለዋ ቃላችን እዚህ ላይ ልክ ትገባለች፤ ስትተረጉሙ አትርሷት።

ይህ ጥምረት የራሱ ሰዋስው አለው። በተደራጊ ሲሆን ቀላል ነው፤ የ«ራስ» ቃሉ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል። በአድራጊ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ፦ «ዘይ ሌፍት ዘ ቦይ ቱ ፌንድ ፎር ሂምሰልፍ»። ባለቤቱ «እነሱ» ነው፤ የሚፍጨረጨረው ግን ልጁ ነው፤ ስለዚህ «ዘምሰልቭዝ» ሳይሆን «ሂምሰልፍ»። ማን ነው የሚወጣው ብላችሁ ጠይቁ፤ የ«ራስ» ቃሉ የእሱ ነው።

አንድ ወጣት ለሥራ ማመልከቻ ያዘጋጀውን ደብዳቤ አሳየኝ። በሦስተኛው አንቀጽ ላይ በቢሮ ውስጥ «ፌንድ ፎር ማይሰልፍ» ማድረግ እችላለሁ ይላል። ሊል የፈለገው ያለ ተቆጣጣሪ መሥራት እችላለሁ ነው። ቀጣሪው የሚያነበው ግን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሰው በቢሮው ጥግ ውሃና ብርድ ልብስ ፍለጋ ሲንከራተት ነው። «ዎርክ ኢንዲፔንደንትሊ» በሚለው ቀይረነው ደብዳቤው ተስተካከለ። በገንዘብ ራሴን ችያለሁ ለማለት ደግሞ «ሰፖርት ማይሰልፍ» ነው።

ጥላው ሁልጊዜ ከባድ አይደለም። ስለ ወፍ ጫጩቶች «ያንግ በርድስ ሱን ለርን ቱ ፌንድ ፎር ዘምሰልቭዝ» ቢባል ማንም አያዝንም፤ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። በቤት ውስጥም በቀልድ ይባላል። እናት ደክሟት ወይም አባት አምሽቶ፣ ዛሬ የሚያበስል የለም፣ ሁሉም ያገኘውን ይቅመስ ለማለት «ዩ ሃቭ ቱ ፌንድ ፎር ዩርሰልቭዝ ቱናይት» ይላሉ። ከቤተሰብ አፍ ሲወጣ ሣቅ አለው። ከአለቃ አፍ ሲወጣ ግን ሣቅ የለውም፤ ስለዚህ በትእዛዝ መልክ «ፌንድ ፎር ዩርሰልፍ» ለማታውቁት ሰው አትበሉ፤ ምን አገባኝ ያላችሁት ያህል ነው።

ደረጃ 6፦ ከዘመዶቹ ለዩት

ባጭሩ ልለፈው። በሽታ ከመምጣቱ በፊት መንገዱን ለዘጋ «ፕሪቬንት»። መጥቶ አካል ውስጥ ለገባ ጉንፋን ሰውነት ሲታገለው «ፋይት ኦፍ»፤ ይህ ከ«ፌንድ ኦፍ» የበለጠ ላብ አለበት። ለማቆየት ብቻ፣ ዛሬን ለማለፍ ሲሆን «ስቴቭ ኦፍ»፤ ረሃብንና ኪሳራን ሰዎች እንዲህ ያዘገዩአቸዋል። ክፉ መንፈስንና መጥፎ ዕድልን ለማራቅ በተለምዶ «ዋርድ ኦፍ»። ከአራቱ የትኛው እንደሚስማማ ስታመነቱ ጊዜውን ጠይቁ፤ ነገሩ ገና አልመጣም፣ እየመጣ ነው፣ ወይስ ደርሷል? «ፌንድ ኦፍ» የ«እየመጣ ነው» ግስ ነው።

የተለመዱ ስሕተቶች

«ፌንድ ማይሰልፍ ፍሮም ዘ ዶግ»። ሁለት ግሶች ተጋብተው የወለዱት ነው። «ራሴን ከውሻው ተከላከልኩ» ለማለት ሁለት ንጹሕ መንገድ አለ፦ «አይ ዲፌንዲድ ማይሰልፍ ፍሮም ዘ ዶግ»፣ ወይም «አይ ፌንዲድ ዘ ዶግ ኦፍ»። የመጀመሪያው ስለ እኔ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ውሻው። አትቀላቅሏቸው።

«ፌንድ ኦፍ ፍሮም»። «ኦፍ» ራሷ የ«ከ»ን ሥራ ጨርሳለች፤ «ፍሮም» ትርፍ ናት።

«ፌንድ ኦፍ ማይሰልፍ»። ይህ ራሴን ከራሴ መከትኩ ይላል። አንድ ጎበዝ ተማሪ ጽፎት ሁለታችንም ስቀናል።

«ፌንድ ፎር ማይ ራይትስ»። ስለ መብቴ ለመቆም ይህ ግስ አይሆንም፤ «ስታንድ አፕ ፎር» ወይም «ዲፌንድ» በሉ። «ፎር» ስላለ ብቻ ያስኬዳል ብሎ ማሰብ ነው ያሳሳተው።

«ባይ ማይሰልፍ»ን ጨምሮ «ፌንድ ፎር ማይሰልፍ ባይ ማይሰልፍ» ማለትም አለ። ብቸኝነቱ በግሱ ውስጥ አለ፤ ሁለት ጊዜ አትክፈሉበት።

ደረጃ 7፦ ሞክሩት

በመጀመሪያ ካዘጋጃችኋቸው ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ስለ መከላከል የሆኑትን ሦስቱን በደረጃ 2፣ ራስን ስለ መወጣት የሆኑትን ሦስቱን በደረጃ 4 አሠራር አሳልፉ፤ ከዚያ እነዚህን አምስት ተርጉሙ። መልሱ ከሥር ስላለ በእጃችሁ ሸፍኑት።

1. ግብ ጠባቂው ኳሶቹን መከታቸው። («ኳሶቹ» የሚለውን በተውላጠ ስም ተኩት።)
2. ጠበቃዋ ደንበኛዋን ተከላከለች።
3. ታላቅ ወንድሟ ሲሄድ እሷ ብቻዋን እንደ ፍጥርጥሯ ቀረች።
4. ድርጅቱ አበዳሪዎቹን እስከ ዓመቱ መጨረሻ መከተ።
5. እጅን መታጠብ በሽታን ይከላከላል።

መልሶቹ፦

1. «ዘ ጎልኪፐር ፌንዲድ ዘም ኦፍ»። «ዘም» መሃል ካልሆነ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

2. «ዘ ሎየር ዲፌንዲድ ሀር ክላየንት»። «መከተች»ን አስገብታችሁ ሞክሩ፤ ጠበቃዋ ከደንበኛዋ ጋር ትደባደባለች። ስለዚህ «ዲፌንድ»።

3. «ዌን ሀር ኤልደር ብራዘር ዌንት አወይ፣ ሺ ወዝ ሌፍት ቱ ፌንድ ፎር ሀርሰልፍ»። ወንድሟ የሚለውን አስቀድማችሁ «ሂዝ» ወይም «ሂምሰልፍ» የጻፋችሁ፣ የሚፍጨረጨረው ማን እንደሆነ እንደገና ጠይቁ።

4. «ዘ ካምፓኒ ፌንዲድ ኦፍ ኢትስ ክሬዲተርስ አንቲል ዚ ኤንድ ኦቭ ዘ ይር»። ሁለቱ ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለተገናኙ በአንድ ኤፍና በሁለት ኤፍ የሚጻፈውን አለዋውጣችሁ እንደሆነ ተመልከቱ። ዕዳው አልተከፈለም፤ አበዳሪዎቹ ግን ለጊዜው አልደረሱም። «ስቴቭ ኦፍ» የጻፈ ሰውም አልተሳሳተም፤ ስለ አበዳሪዎችም ይባላል።

5. «ሃንድዎሺንግ ፕሪቬንትስ ዲዚዝ»። ወጥመድ ነበረች። «ተከላከለ»ን ስላያችሁ «ፌንድ ኦፍ» ከጻፋችሁ፣ በሽታው ገና እንዳልመጣ አስታውሱና ደረጃ 6ን አንብቡ።